የጎን ግንድ የሌለው ጀልባ

ልጄ ቻማሊ በዚያ ሳምንት የመጀመሪያ ቀናት ብቻ ሠላሳ አራት ጊዜ ከሰርፍ ሰሌዳዋ ስትወድቅ ቆጥሬአለሁ፤ ሠላሳ አራቱንም ወደ ግራ። ያልተማረ ሰው ባገኘው በኩል ይወድቃል፤ አንዴ በአፍንጫው፣ አንዴ በቂጡ። አንድ ሰው ሁልጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ከወደቀ ግን ያንን ያስተማረው ሰው አለ ማለት ነው። ይህን ለመረዳት እስከ ረቡዕ ድረስ ፈጀብኝ፤ እስከዚያው አሪያፓላ ሻይ ቤት በራፍ ላይ ተቀምጬ ቁራጭ የዘንባባ ስኳር እየነከስኩ ሻዬን ስጠጣና ስናደድ ነበር።

እኔ ጉናሴና እባላለሁ። ባሕር ላይ አርባ ዓመት የቆምኩ ሰው ነኝ። ቆምኩ ስል መቀመጤን አሳምሬ መናገሬ አይደለም፤ በሁለት እግሬ፣ ከወገቤ በማትሰፋ ኦሩዋ ውስጥ። ኦሩዋ የኛ ዳርቻ ጀልባ ናት፤ በጣም ጠባብ ስለሆነች ብቻዋን ውሃ ላይ ብትለቋት ወዲያው ትገለበጣለች። ለዚህ ነው በግራ ጎኗ፣ ራቅ አድርገን፣ በሁለት ቆልማማ እንጨቶች አንድ ወፍራም ግንድ የምናስርላት። የጎን ግንድ ይባላል። እሱ ውሃውን ደገፍ ብሎ ይይዛታል፤ እሷም ትቆማለች፤ እኔም በሷ ላይ እቆማለሁ። እንግዲህ እንደኔ ያለ ሰው ልጆች ቆመው ሞገድ የሚጋልቡበትን የሰርፍ ሰሌዳ ሲያይ ምን ይላል? «ዓሣ የማይዝ ጀልባ!» እል ነበር፤ ለመጣው ለሄደው ሁሉ።

«ጉናሴና» አለኝ አሪያፓላ ማክሰኞ ዕለት፣ ብርጭቆ እያለቀለቀ። እሱም ዱሮ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ወገቡ ሲይዘው ነው ሻይ ወደ ማፍላት የዞረው። «ልጅህ ዛሬም ባሕሩን በጀርባዋ ልትጠቀጥቀው ነው እንዴ?»

«አንተ ሻይህን አፍላ።»

«አፈላለሁ። ግን ይገርመኛል። አባትየው አርባ ዓመት ቆሞ፣ ልጅቷ አራት ሰከንድ መቆም ያቅታት?»

«የቆምኩት ጀልባ ላይ ነው፤ የበር ሳንቃ ላይ አይደለም!»

«እሺ፣ እሺ። ሻዩን አትድፋብኝ።»

ሳቀብኝ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ነገሩ የጨዋታ አልነበረማ። ቅዳሜ ፈተና ነበረባት፤ የሰርፍ አስተማሪነት ፈቃድ ፈተና። አምስት ሞገድ ይሰጧታል፤ ከአምስቱ ሦስቱን እግሯን በትክክል አስቀምጣ፣ ቆማ፣ እስከ ዳር መውጣት አለባት። ከዚያ ደግሞ አሸዋ ላይ ጀማሪ ሰው ታስተምራለች። ካለፈች ሱራንጋ፣ ዳርቻው ላይ የሰርፍ ትምህርት ቤት ያለው ልጅ፣ በማግስቱ ሥራ ሊያስጀምራት ቃል ገብቷል። ከወደቀች ወደ ኩዌት ትሄዳለች፤ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና። ቪዛው መጥቷል። የኤጀንሲዋ ሴትዮ ሰኞ ደውላ ቁርጡን ትጠይቃለች። ፓስፖርቱ ቤታችን ውስጥ ከቡድሃው ሥዕል ሥር፣ አበባ ከምናኖርበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ማንም አላስገደዳትም። ራሷ ናት የቆረጠችው። «ሃያ አንድ ዓመቴ ነው አባዬ» አለችኝ። «እጃችሁን እያየሁ አልኖርም። ካለፍኩ እዚሁ እሠራለሁ። ካላለፍኩ እሄዳለሁ፤ ያኔ እንዳትለምነኝ።» ግትርነቷ ከኔ ነው፤ ለማን አቤት ልበል?

ባለቤቴ ሶማላታ፣ እኔ ሶማ የምላት፣ ኩዌትን ታውቀዋለች። ቻማሊ አምስት ዓመት ሲሞላት ሄዳ፣ አሥራ አንድ ሲሞላት ነው የተመለሰችው። ስድስት ዓመት። ስለዚያ አገር አንድ ቀን አውርታ አታውቅም። ስሙ ሲነሳ ብድግ ብላ መጥረጊያ ታነሳና ግቢውን ትጠርጋለች፤ ጠዋት የተጠረገ ቢሆን እንኳ እንደገና ትጠርገዋለች። ቻማሊ ቪዛው መምጣቱን የነገረችን ቀን ሶማ ሂጂም አላለች፣ አትሂጂም አላለች። መጥረጊያዋን ብቻ አነሳች።

በነዚያ ስድስት ዓመታት ልጅቷን የማስቀምጥበት ሰው አልነበረኝም። እናቴ ሞታለች፤ እህቴ ሩቅ አገር ነው ያገባችው። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ከእንቅልፏ አንስቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ጀልባዬ ውስጥ አስቀምጣት ነበር። ሰፈሩ ጉድ አለ። ሴት ልጅ ጀልባ ላይ ከወጣች ዓሣ ይሸሻል ነው የሚባለው በኛ ዘንድ። «ከሸሸ እኔን ጠይቁኝ» አልኳቸው። በዚያ ዓመት ከኔ በላይ ዓሣ ይዞ የገባ ሰው ካለ ዛሬም ወጥቶ ይናገር። ሰባት ዓመት ሲሞላት ቆማ መረብ ታቀብለኝ ጀመር። ሞገድ ከጎን ሲመጣ ዓይኗ ይፈጥጣል፤ እኔም ከኋላ ሆኜ እጮሃለሁ፦ «እግርሽን ለግራ ስጪ! ግራው ይይዝሻል!» እውነትም ይይዛታል። ክብደቱን ለጎን ግንዱ የሰጠ ሰው ከኦሩዋ አይወድቅም። ይህን በቀን መቶ ጊዜ ብያታለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሱራንጋ ራሱ ወደ ሻይ ቤቱ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መሬት ላይ ሲራመድም ጉልበቱን ሸብረክ ያደርጋል፣ ሞገድ የሚመጣበት ይመስል።

«ምን እግር ጣለህ?» አለው አሪያፓላ።

«አጎቴን ፈልጌ ነው።» ወደ እኔ ዞረ፤ ዘመድ ባንሆንም አጎቴ ነው የሚለኝ። «አጎቴ፣ እኔ ቸግሮኛል። እጇ ልክ ነው። ጉልበቷ ልክ ነው። ዓይኗ ወደፊት ነው የሚያየው። አነሳሷ ከኔ ይፈጥናል። የኋላ እግሯ ግን የት እንደሚሄድብኝ አላውቅም። አንድ ጊዜ መጥተው ቢያዩልኝ።»

«እኔ ስለ ሳንቃ ምን አውቃለሁ?»

«ስለ ሳንቃ አይደለም፤ ስለ ልጅዎ ነው።»

ይህን ሲለኝ ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ቻማሊ አሸዋ ላይ ነበረች። በጣቷ የሰሌዳ ቅርጽ ሥላ፣ መሐል ለመሐል ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር አስምራ በሆዷ ተኝታበታለች። ሱራንጋ «ተነሺ!» ሲል እጆቿን ከጎኗ ተክላ ብድግ አለች። ጥሩ ነው አነሳሷ፤ አባትነቴ ይዞኝ አይደለም። ግራ እግሯ ከፊት፣ ቀኝ እግሯ ከኋላ፣ ደረቷ ወደ ቀኝ። ሰሌዳ ላይ እንደዚህ በጎን ነው የሚቆመው።

«አሁን ውረጂ፤ አሸዋውን እንዳታበላሺው» አልኳት። በርከክ ብዬ ዱካዋን አየሁ። የሰው አፍ ይዋሻል፤ አሸዋ ላይ ያለ ዱካ ግን አይዋሽም። የፊት እግሯ መስመሩን መሐል ለመሐል ረግጦታል፤ መስመሩ በውስጥ እግሯ ጎድጓዳ ሥር ያልፋል። የኋላው እግሯ ግን ጣቶቹ ብቻ ናቸው መስመሩን የነኩት፤ ተረከዟ አንድ ጋት ያህል ወደ ግራ ተርፎ ከሰሌዳው ሥዕል ውጭ አርፏል።

«ድገሚው።» ደገመችው። ያው ነው። ሦስተኛ አስደገምኳት። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገባ ተረከዟ።

ያን እግር አውቀዋለሁ።

«ቻማሊ» አልኳት፣ «ጀልባ ውስጥ ሞገድ ከጎን ሲመጣ የት ነው የምትረግጪው?»

«ግራ ነዋ አባዬ» አለችኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ድምፅ።

«ሰሌዳው በግራ በኩል ምን አለው?»

መልስ ልትሰጠኝ አፏን ከፈተች። ከዚያ አሸዋው ላይ ያለውን ተረከዟን አየችው። «ወይኔ» አለች ቀስ ብላ። «ወይኔ አባዬ። የጎን ግንድ የለውም።»

ሱራንጋ ሁለታችንንም እያፈራረቀ ያያል። ካስረዳሁት በኋላ ከት ብሎ ሳቀ። «ሁለት ወር! ሁለት ወር ሙሉ ስለ ጉልበት ስነግራት! በቃ፣ አሁን ታወቀ፤ ያንን ተዪው፤ አለቀ።»

አላለቀም። ገባችና ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ ስድስቱንም ወደ ግራ። እግር ጆሮ የለውም። በሰባት ዓመቷ የገባ ነገር «ተዪው» ስላሏት አይወጣም፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ስትወጣ ፊቷን ከኔ አዞረች። ዓይኗ የቀላው በባሕሩ ጨው ብቻ አልነበረም። «ሰኞ ለሴትዮዋ እሺ እላታለሁ» አለች፣ ሰሌዳውን እየጎተተች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ዋሸሁ፤ እኔ ጭንቅላቴን ካሳረፍኩ እስከ ንጋት ነው የምተኛው። ስነቃ ግን የማደርገውን አውቄ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ኦሩዋዬ ዘንድ ሄጄ የጎን ግንዱን መፍታት ጀመርኩ። ይህን ነገር በኛ ዳርቻ ያላደገ ሰው ቀላል አድርጎ ሊያየው ይችላል። ጀልባችን ውስጥ ሚስማር የለም፤ ሁሉም የታሰረው በኮኮናት ቃጫ ገመድ ነው፤ ቋጠሮውንም ከአባቴ ነው የተማርኩት። የጎን ግንድ የሚፈታው ዝናቡ ገብቶ ጀልባ ዳስ ሥር ስትገባ ብቻ ነው፤ ያም ኮከብ ቆጣሪ የመረጠው ሰዓት ተጠብቆ። በጥር፣ ዓሣው ደጅ በቆመበት ወር፣ በገዛ እጁ የጎን ግንዱን የሚፈታ ሰው የቀብሩን ቀን እየቆረጠ ነው ይባላል።

አሪያፓላ ሻዩን ትቶ በሩጫ መጣ፤ ወገቡን የሚያመው ሰው።

«ጉናሴና! አበድክ?»

«ይህን ጫፍ ያዝልኝ።»

«አልይዝም! እንዲያው ካረጁ አይበጁ የተባለው እውነት ነው! ዓሣ አጥማጅ ነህ ወይስ የልጆች መጫወቻ?»

«አባት ነኝ። ያዝ አልኩህ!»

ያዘልኝ። እየተሳደበ፣ ግን ያዘልኝ። ግንዱን አውርደን አሸዋው ላይ አጋደምነው፤ ባዶዋን ኦሩዋ ገፍተን ወገብ የሚደርስ ውሃ ውስጥ አስገባናት። ወዲያው ከወዲያ ወዲህ ትንከባለል ጀመር። ቻማሊ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዳር ቆማለች። ሱራንጋ ተማሪዎቹን ትቶ መጣ። ዳርቻው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ ማለት ይቻላል።

«እዪ» አልኳት። «መጀመሪያ እኔ አሳይሻለሁ።»

ጀልባዬ ናት፤ አርባ ዓመት። አንድ እግሬን አስገባሁ፣ ሌላውን አስገባሁ፣ ቀና አልኩ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ አንዲት እዚህ ግባ የማትባል ሞገድ መጣችና ነካ አደረገችን፤ እግሬ ሳልነግረው ሄደ። ሰማዩን አየሁ። ቀጥሎ ያየሁት የባሕሩን ወለል ነው።

ብቅ ስል ዳርቻው በሳቅ ፈንድቷል። አሪያፓላ ወገቡን ይዞ ይንፈራፈራል። ቻማሊ ውሃው ውስጥ ዘፍ ብላ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። «አባዬ! አንተም ግራ! አንተም ግራ ወደቅህ!»

መጀመሪያ ቆሽቴ አርሮ ነበር። ልጄ እንደዚያ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ሳስብ ግን እኔም ሳቄ መጣ።

ሐሙስን ሙሉ ከዚያች ጀልባ ስንወድቅ ዋልን። ከጎን ግንዱ የፈታሁትን ገመድ ወስጄ በጀልባዋ ወለል መሐል ለመሐል ዘረጋሁት። «በዓይንሽ አትፈልጊው» አልኳት። «በውስጥ እግርሽ ፈልጊው። ጎድጓዳው ላይ ካልቆረቆረሽ እግርሽ ቦታው ላይ አይደለም።» ቁጢጥ ትላለች፣ ሁለቱን ጠርዞች ትይዛለች፣ ሱራንጋ ጀልባዋን ይነቀንቃል፣ እሷ ብድግ ትላለች። ትወድቃለች። ትወጣለች። እኔም በተራዬ ገባሁ፤ ለማስተማር ብዬ ሳይሆን እልህ ይዞኝ ነው። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ እሷ ሃያ እስክቆጥር ድረስ ቆመች። እኔ ሰባት። እኔ አርጅቼአለሁ፤ እሷ ግን የኔ ልጅ ናት።

ዓርብ ገመዱን ሰሌዳው መሐል ላይ በሰም አጣብቀን ወደ ሞገዱ ተመለሰች። ከአሥር ስድስቱን ቆመች። ከአራቱ ሁለቱን ወደ ግራ ወደቀች፣ አንዱን በአፍንጫዋ። በመጨረሻው ግን ወደ ቀኝ ወደቀች፤ እኔም ከሻይ ቤቱ በራፍ ዘልዬ ተነስቼ እጄን አጨበጨብኩ። ሰው ሁሉ ልጁ ወድቃ የሚያጨበጭብ አባት አየ። እነሱ ምን ያውቃሉ? ወደ ቀኝ የወደቀች ልጅ ግራዋን የረሳች ልጅ ናት።

ቅዳሜ ሶማ የወተት ሩዝ ሠራች፤ ለደግ ቀን የሚሠራውን። ቻማሊ እንደ ደንባችን ለአክብሮት የሚያዘውን የቡላት ቅጠል በሁለት እጇ ይዛ በጉልበቷ ተንበርክካ እግሬን በግንባሯ ነካች። የምርቃት ቃል ጠፋኝ፤ «ገመዱን አትርሺ» አልኳት። ከዚያ የእናቷን እግር ነካች። ሶማ እጇን በልጅቷ ራስ ላይ አድርጋ ቆየች። ልንወጣ ስንል ግን ሰማያዊ ጨርቋን አገልድማ ተከተለችን። ሶማ ወደ ዳርቻው መጥታ አታውቅም። ከኮኮናት ዛፎቹ ሥር፣ ከሰው ራቅ ብላ ቆመች።

ፈታኟ ከከተማ የመጣች አጭር ጠይም ሴት ናት፤ አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላለች። ተፈታኞቹ ዘጠኝ ነበሩ። የመጀመሪያው ነገር ምን ሆነ? ሰሌዳዎቹን ሁሉ ወደ ጎን አድርጋ፣ ይዛ የመጣችውን አንድ ዓይነት ሰሌዳ አደለች። ሰም የለ፣ ገመድ የለ። ቻማሊ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ምን ላድርግ? እግሬን ከአሸዋው አንስቼ ውስጥ እግሬን በጣቴ አሳየኋት፦ እዚህ ጋ ነው፤ ሰሌዳው ላይ አይደለም። አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ገባች።

የመጀመሪያውን ሞገድ ቆማ ወጣች፤ አሪያፓላ ጀርባዬን ደበደበኝ። በሁለተኛው ተረከዟ ሲሄድ ከዳር ሆኜ አየሁት፤ ወደ ግራ፣ በጀርባዋ። አሪያፓላ ያን ጊዜ አልቀለደም። ሦስተኛውን ቆመች። በአራተኛው ከልክ በላይ ተጠንቅቃ ወደ ቀኝ ተገለበጠች፤ ያን ቀን ግን አላጨበጨብኩም። አንድ ሞገድ ቀረ። ከሦስት አንድ ይጎድላታል።

አምስተኛው ሲመጣ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር። በሆዷ ቀዘፈች፣ ሞገዱ አነሳት፣ እጆቿን ተከለች። ዓይኔን ልጨፍን ፈልጌ ነበር፤ አልጨፈንኩም፤ እኔ ያበላሸሁትን እኔ ማየት አለብኝ። ተነሳች። ሞገዱ በግራዋ በኩል ፈርሶ አረፋው ሰሌዳውን ገፋው፤ ልክ ጀልባ ውስጥ «ለግራ ስጪ!» ብዬ የምጮህበት ዓይነት ግፊት። የኋላ እግሯ ጣቶች ጨመደድ ሲሉ አየሁ። ተረከዟ ንቅንቅ አላለም። እንዲያው መሐል ቆማ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ የሰሌዳው ሆድ አሸዋውን እስኪነካ ድረስ መጣች። እኔ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አሪያፓላን ጠይቁት፤ ለሰው የሚነገር አይደለም ይላል።

ሁለተኛው ክፍል ቀረ። ፈታኟ ፊሽካዋን ነፍታ ተናገረች፦ እያንዳንዱ ተፈታኝ ከዚህ ሕዝብ መሐል ሰሌዳ ነክቶ የማያውቅ ሰው ይምረጥ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አሸዋ ላይ አነሳሱን ያስተምረው፤ ተማሪው በተከታታይ ሁለት ጊዜ እግሩን በትክክል ካላስቀመጠ አስተማሪው ወድቋል። ሌሎቹ ጠንካራ ጠንካራ ጎረምሳ እያዩ መረጡ። እኔ ደረቴን ነፍቼ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣሁ።

«አንተማ ግራ ነህ አባዬ» አለችኝ እየሳቀች፣ አጠገቤ አልፋ ሄደች። ወደ ኮኮናቶቹ።

«እማዬ፣ ነይ።»

«እኔ?» አለች ሶማ። «አንቺ ልጅ! በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ይስቅብኛል።»

«ይሳቅ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሲሳቅብኝ አልነበር?»

ሶማ ወደ እኔ አየች። ጨርቋን ሰብሰብ አድርጋ ወገቧ ላይ ሸጎጠችው፤ መጣች፤ አርባ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት አሸዋ ላይ በተሣለ ሰሌዳ ላይ በሆዷ ተኛች። ቻማሊ አጠገቧ በርከክ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታስረዳታለች፦ እጅሽን ከጎድንሽ አጠገብ፣ ወደፊት እዪ፣ እግርሽን በዓይንሽ አትፈልጊው። በመጀመሪያው ሶማ በጉልበቷ ቀረች። ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ፤ ዞሬ ሳፈጥባቸው ጸጥ አሉ።

በሁለተኛው ተነሳች። ፈጣን አልነበረም፤ ግን ተነሳች፤ ቆመችም። ቻማሊ አሸዋው ድረስ አጎንብሳ ዱካውን አየች። እኔም ከቆምኩበት አየሁት። የፊቱ እግር መስመሩ ላይ ነው። የኋላው እግር መስመሩ ላይ ነው። የውስጥ እግር ጎድጓዳው ልክ መሐል ላይ። «ድገሚልኝ እማዬ» አለች፣ ድምፅዋ ተለውጦ። ሶማ ተኝታ ደገመችው። እግሮቿ እዚያው ዱካቸው ውስጥ ተመልሰው ገቡ።

ፈታኟ መጥታ ቁጢጥ ብላ አየች። «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከዚህ በፊት ሰሌዳ ላይ ቆመው ያውቃሉ አይደል?»

«ኧረ በጭራሽ። የባሌ ጀልባ ውስጥ እንኳ ተቀምጬ አላውቅም።»

«ታዲያ እንዴት ነው ወደ አንድ ጎን ያላዘነበሉት? የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ያዘነብላል።»

ሶማ ከጨርቋ ላይ አሸዋውን አራገፈች። «ልጄ፣ እኔ ኩዌት ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ» አለች። «እዚያ በጎንሽ የሚይዝሽ ነገር የለም። ወይ መሐል ትቆሚያለሽ፣ ወይ ትወድቂያለሽ።»

ይህን ስትል ድምፅዋን አላነሳችም። እኔ ግን ከተመለሰች ጀምሮ ያን አገር በገዛ አፏ ስትጠራው መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር። እነዚያን ስድስት ዓመታት እኔና ልጄ በጎን ግንድ ተደግፈን ስንቆም፣ እሷ በምን ቆማ እንደነበር አንድ ቀን ጠይቄአት አላውቅም። አፈርኩ።

ቻማሊ ከአሸዋው አልተነሳችም። እዚያው በርከክ እንዳለች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ግንባሯን የእናቷ እግር ላይ አደረገች።

«ተነሺ እንጂ» አለቻት ሶማ። «ሰው ተራ እየጠበቀ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ፈታኟ ያለፉትን ስም አነበበች። ከዘጠኙ ሰባት አለፉ፤ የልጄ ስም አራተኛ ነበር። አሪያፓላ ለመጣው ሁሉ ሻይ በነጻ አፈላ፤ ይህም በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ዳርቻው ላይ ከኔ ጋር ነበሩ፤ የጎን ግንዱን መልሼ እያሰርኩ ሳለ የቻማሊ ስልክ ጮኸ። የኤጀንሲዋ ሴትዮ ናት። ቻማሊ ልታነሳው ስትል ሶማ ከእጇ ወሰደችው። «ልጄ ሥራ ይዛለች» አለቻት። «አትመጣም። አዎ፣ እናቷ ነኝ። አይ፣ በሚቀጥለው ዓመትም አትመጣም።» ዘጋችውና ስልኩን ለልጇ መለሰችላት።

ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና የገመዱን ጫፍ ያዘችልኝ። ሌሊት ነፍሶ ስለነበር የቤታችን ግቢ በደረቅ ቅጠል ተሞልቷል። ያን ቀን ሳይጠረግ ዋለ።